ስድብና ሚዛኑ፦ ከአዋሽ እስከ ሰመራ በሚነገረው አማርኛ

መግቢያ

ስለ ስድብ የሚጽፍ ሰው ራሱ ተሳዳቢ መስሎ የመታየት ዕዳ አለበት። በቃላዊ ሥነ ጽሑፍ ጥናታችን ተረትና ምሳሌው፣ ፉከራውና ቀረርቶው፣ ሙሾው፣ እንቆቅልሹ፣ ምርቃቱ ሳይቀር ይሰበሰባል። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መቅረጸ ድምፅ ይዘው ገጠር ይወርዳሉ፤ ምርቃቱን ለቅመው ሲመለሱ ግን ከዚያው መንደር፣ ከዚያው አፍ የሚወጣውን ስድብ ጥለውት ይመጣሉ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ነውር ነው። ይሁን እንጂ ነውርነቱ ጉዳዩን ወደ ጥናት ሊያቀርበው በተገባ ነበር። አንድ ኅብረተሰብ የትኛው ቦታ ላይ ቢነኩት እንደሚያመው ከምርቃቱ ይልቅ ስድቡ ይናገራልና።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሚሞከረው፣ ስድብ ክብደቱን የሚያገኘው ከሰሚው ሚዛን መሆኑን ነው። ተናጋሪው ቃሉን በራሱ ሚዛን መዝኖ ይወረውረዋል፤ ቃሉ ሲደርስ ግን በሌላ ሚዛን ላይ ይወድቃል። አንድ ቋንቋ ብቻ በሚነገርበት አገር ሁለቱ ሚዛኖች ስለሚቀራረቡ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው አማርኛ የመንገድና የገበያ ቋንቋ ሆኖ ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር በሚጋፋባቸው ከተሞች ነው። የአፋር ክልል ከተሞች አዋሽና ሰመራ ለምሳሌነት የተመረጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ለንጽጽር ያህል ደግሞ ስለ ስድብ ባህሉ ብዙ የተጻፈለት ጥንታዊው የቻይና ኅብረተሰብ ይጠቀሳል።

አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ይገባል። ስድብ ከእርግማን ይለያል፤ እርግማን የሚመጣውን ይጠራል፣ ስድብ ግን ያለውን ወይም አለ የሚለውን ይገልጣል። ተራጋሚ እግዜርን ወይም ዕጣን ምስክር አድርጎ ይቆማል፤ ተሳዳቢ ምስክር የሚያደርገው በዙሪያው ያለውን ሰው ነው። ስለዚህም ብቻ ለብቻ የተሰማ ስድብ ግማሽ ስድብ ነው፤ ሰው ሲሰማው ሙሉ ይሆናል። ሽሙጥና አሽሙር ስድብነታቸውን በምስጋና መጎናጸፊያ ይሸፍናሉ። ተረብ ደግሞ በሁለት ወገን ስምምነት የሚካሄድ የስድብ ጨዋታ ነው፤ አንዱ የተቆጣ ዕለት ተረብነቱ ይቀርና ስድብ ይሆናል። ጸያፎቹን ቃላት እዚህ መደርደር አላስፈለገም። አንባቢ ያውቃቸዋል።

ወደ ላይ የሚወጣ ስድብ

በአማርኛ ከባድ የሚባሉት ስድቦች አብዛኞቹ በፊት ለፊት የቆመውን ሰው አልፈው ወደ ኋላው ይሄዳሉ። «የማንም ልጅ»፣ «ዲቃላ»፣ «ዘረ ቢስ»፣ «አሳዳጊ የበደለው» የሚሉትን ብንመለከት ስለ ተሰዳቢው ሥራ አንድም ነገር አይናገሩም። የሚናገሩት ስለ ወላጆቹ ነው። እናትን የሚጠራው ጸያፍ ስድብም እንዲሁ ነው፤ እናትየው በቦታው የለችም፣ በጠቡ ውስጥ አልገባችም፣ ነገር ግን የተመታችው እሷ ናት። «እኔን እንደ ፈለግህ ስደበኝ፣ እናቴን ግን አታንሣ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ይህን መስመር በግልጽ ያሰምረዋል።

ጨዋና ባለጌ የሚሉት ተቃራኒ ቃላትም ሥራቸው እዚሁ ላይ ነው። ጨዋ ረዥም መንገድ የተጓዘ ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ጨዋ ማለት የንጉሥ ወታደር፣ የክፍለ ጦር አባል ነበር። በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ ጨዋ ክህነትም ትምህርትም የሌለው ምእመን ነው፤ አንድ የቅኔ መምህር «እሱ እንኳ ጨዋ ነው» ቢል ማመስገኑ አይደለም። በሕዝቡ አፍ ግን ቃሉ ዘሩ የታወቀ፣ ባርነት ያልነካው ወደሚል ትርጉም ዞረ፤ ከዚያም አንደበቱ የታረመ፣ ሥነ ሥርዓት ያለው ማለት ሆነ። ዛሬ «የጨዋ ልጅ» ስንል መልካም ጠባይንና መልካም ዘርን በአንድ ቃል እንጠራለን። ሁለቱ በቋንቋው ውስጥ ስላልተለያዩ መጥፎ ጠባይን የሚነቅፍ ሰው ሳያስበው ዘር ወደ መንቀፍ ይሻገራል።

ለዚህ የሚጨበጥ ምክንያት ነበረው። በርስት አገር ዘር መቁጠር መሬት መቁጠር ነበር። አቅኚ አባት ድረስ ቆጥሮ መድረስ የቻለ በመሬቱ ላይ ድርሻ ይጠይቃል፤ ያልቻለ አይጠይቅም። እንግዲህ በአደባባይ «አባትህ አይታወቅም» ማለት ሰውየውን ከመሬቱ መንቀል ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ። ስድቡ ግን የቆመበት መሬት ከሥሩ ሲነሣ አብሮ አልወደቀም። ባርነትም በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከቀረ በኋላ «ባሪያ» የሚለው ስድብ እስከ ዛሬ ከነመርዙ አለ። ሕግ የሻረውን ሥርዓት ስድብ ለብዙ ትውልድ ያኖረዋል።

ይህ ወደ ላይ የመውጣት ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። በቻይና የተዋጊ መንግሥታት ዘመን ትረካዎች አንድ ንጉሥ ከሌላ ቤተ መንግሥት የመጣበትን ወቀሳ በአንድ ቃል ሲመልስ ይታያል፤ እናትህ ገረድ ናት ይላል። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የቸን ሊን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ200 ዓ.ም. ቸን ሊን የሚባል ጸሐፊ ለጌታው ለዩዋን ሻው በጠላቱ በጻው ጻው ላይ የጦርነት አዋጅ ይጽፍለታል። የጻው ጻው አባት የአንድ ጃንደረባ የማደጎ ልጅ ነበር፤ ጸሐፊው ይህችን ይዞ ጻው ጻውን የጃንደረባ ርዝራዥ አድርጎ ሰደበው። ዩዋን ሻው ተሸነፈ፤ ቸን ሊንም ከተሰደበው ሰው እጅ ገባ። ጻው ጻው የጠየቀው ጥያቄ በዜና መዋዕሉ ተመዝግቧል። የእኔን ኃጢአት መቁጠር ይበቃህ ነበር፣ ወደ አባቴና ወደ አያቴ መውጣት ምን አስፈለገህ የሚል ነው። ቸን ሊን ይቅርታ ጠየቀ፤ ጻው ጻውም ብዕሩን ስለ ወደደለት ምሮ ጸሐፊው አደረገው። ቤተ መንግሥቱን በመቶ ሺህ ጦር የሚያስጠብቅ ሰው የተሰማው ሕመም በአዋሽ ተራ ላይ ሲሰደብ «እናቴን አታንሣ» ከሚለው ረዳት ሕመም አይለይም።

ታላቁ የቻይና ደራሲ ሉ ሹን እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. ስለ አንድ በአገሩ ሁሉ አፍ ስለሚገኝ እናት ነክ ስድብ አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። አገሮች የአገር አበባ እንዳላቸው ሁሉ ይህም የአገር ስድብ ሊባል ይገባዋል እያለ ያላግጣል። ከላግጡ በታች ያለው ክርክር ግን ብርቱ ነው። በጥንት የቻይና ሥርወ መንግሥታት ዘመን ሹመትና ክብር የሚገኘው ከትልቅ ቤት በመወለድ ስለ ነበረ፣ የተናቀው ሰው ትልቁን ሰው ሊመታ ሲፈልግ የቆመበትን መሠረት፣ ማለትም ወላጆቹን መታ ይላል። የእኛንም የርስት ዘመን ስድብ በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ታችኛው ላይኛውን የሚሰድብበትን ያህል ላይኛውም ታችኛውን በዘሩ መስደቡ ነው፤ ምናልባትም ይብሳል።

ሉ ሹን በዚያው ጽሑፍ መጨረሻ በገጠር ያየውን ይጨምራል። አባትና ልጅ ለምሳ ተቀምጠው ወጡ እንደ ጣፈጠ ሲነጋገሩ ያው ቃል ከሁለቱም አፍ ይወጣል፤ ትርጉሙ ግን «ወዳጄ» እንደ ማለት ሆኗል። በእኛም ወዳጅ ወዳጁን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲያገኘው «አንተ ሌባ! የት ጠፍተህ ነው?» ብሎ ያቅፈዋል። ያቺው ቃል ከማያውቁት ሰው ብትመጣ ፖሊስ ትጠራለች።

በእጅ የሚሠራውን መስደብ

ከዘር ቀጥሎ የስድብ ምንጭ ሆኖ የቆየው የእጅ ሥራ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ የሚሸምነው ቁጢት በጣሽ እየተባለ ሲነቀፍ ኖሯል። የሥራ ስም የነበረው ቃል የዘር ስም ይሆናል፤ የዘር ስም የሆነው ደግሞ ከቡዳነት ጋር ይያያዛል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ ሰው እንዳይኖር ከለከሉ። አዋጁ ለቋንቋ ተማሪ የሚጠቅምበት አንድ ነገር አለው። ንጉሡ ስድቡን ሲከለክሉ የተከራከሩት በዘር ሐረግ ነው፤ ዘር እንቁጠር ካላችሁ ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ ነው የሚል ሐሳብ ያቀርባሉ። ወደ ላይ ለሚወጣ ስድብ መልሱ ይበልጥ ወደ ላይ መውጣት ሆነ። ከዚህ የተሻለ መልስ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አላጋጠመውም። ለሥራው ግን ብዙ አልረዳም፤ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሆን ፋቂ የሚለው ቃል ዛሬም ያስደነግጣል።

አካልን የሚጠቅሱትን፣ ዕውርና ቆማጣ የመሳሰሉትን፣ እንዲሁም የእንስሳቱን ስድብ ብዙ አናብራራም። ውሻና አህያ በብዙ አገር ይሰደብባቸዋል።

ቃል ቦታውን ሲለቅ

ክቡር የነበረ ቃል ስድብ ይሆናል፤ የተናቀውም ይከብራል። በቻይና ኤሊ የረዥም ዕድሜ ምልክት ስለ ነበረች ሰዎች በስሟ ይጠሩ ነበር፤ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የታወቀው ሙዚቀኛ ሊ ጉይኒየን በስሙ ውስጥ ኤሊን ተሸክሟል። በኋለኞቹ ዘመናት ኤሊ ሚስቱ የምትማግጥበት ባል መጠሪያ ስለ ሆነች ልጁን በስሟ የሚጠራ አባት ጠፋ። ኤሊዋ ምንም አላደረገችም።

በአማርኛ ተመሳሳዩን ያየችው ቃል ባላገር ናት። ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት ማለት ነበረች። ከተማ ሲሰፋ፣ ከከተሜው አፍ ሥልጣኔ ያልደረሰው፣ የሚደናገጥ፣ የሚታለል ማለት ሆነች። በአንጻሩ አራዳ የአዲስ አበባ የገበያ ሠፈር ስም ነበር፤ ዛሬ ነቃ ያለ፣ የማይታለል ሰው ማለት ነው። አገር ያለው ተሰደበ፤ ገበያ የዋለው ተመሰገነ። በእነዚህ ሁለት ቃላት ጉዞ ውስጥ የአንድ ክፍለ ዘመን የማኅበራዊ ታሪክ ምዕራፍ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ አፋር ከተሞች የሚያሻግረን ሦስተኛው ቃል ዘላን ነው። ቃሉ ለአፋሮች የወጣ አይደለም። በሰሜኑ ክፍል፣ በጎንደርና በጣና አካባቢ፣ ከብት እያረቡ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች በዚህ ስም ይጠሩ እንደ ነበር የታሪክ ጽሑፎች ያወሳሉ። የአኗኗር ዘዴ ስም ነው፤ እንደ ገበሬና እንደ ነጋዴ ያለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ስለ መሬት በሚደነግግበት በአንቀጽ 40 ውስጥ፣ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ሲሰጥ ባለመብቶቹን «ዘላኖች» ብሎ ይጠራቸዋል። በሕጉ ገጽ ላይ ቃሉ ክብር አለው፤ መብት የተሰጠው ሰው መጠሪያ ነው። በመንገድ ላይ ግን ዘላን ማለት ቤት የሌለው፣ ሥርዓት የማያውቅ ማለት ከሆነ ቆይቷል። «እንደ ዘላን አትሁን» የሚባለው ለአዲስ አበባ ልጅ ጭምር ነው። ከጊዜ በኋላ መሥሪያ ቤቶች፣ ጋዜጣና ሬዲዮ «አርብቶ አደር» የሚለውን ይዘው ዘላንን ተዉት። አርብቶ አደር አርሶ አደር ከሚለው ጎን እኩል እንዲቆም ሆኖ የተቀረጸ ቃል ነው፤ ሁለቱም ሠርቶ ማደርን ይናገራሉ። የሕገ መንግሥቱ አማርኛ ግን እንደ ተጻፈ ነው። በአንድ አገር በአንድ ዘመን ያው ቃል በሕግ መብት፣ በአስፋልት ላይ ስድብ ሆኖ ይገኛል። ቃሉ የተነገረው ሰው በየትኛው እንደ ተጠራ የሚያውቀው በተናጋሪው ፊት ነው፤ ፊቱን ማየት ካልቻለ በልምዱ ይገምታል። ልምዱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአስፋልቱ ነው።

የቆላው ሰው የተጠራባቸው ስሞች ሁሉ ይህ ዓይነት ዕጣ አላቸው። ደጋው «አዳል» ይል ነበር፤ የጥንቱ የሱልጣን መንግሥት ስም ነው። ዐረብና አውሮፓዊ «ደናክል» ይል ነበር። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው አፋር ብሎ ነው። አዳል የሚለው ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ክፋት የለውም፤ አያቱ ያሉትን ነው የሚለው። የሚሰማው ወጣት ግን የሚሰማው ሌላ ነው።

የመንገዱ አማርኛ

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በወንዙ አጠገብ የቀረችው ጣቢያ ከተማ ሆነች። አፋሩ፣ ከረዩውና ኢቱው፣ አርጎባው፣ ከሸዋና ከወሎ የወረደው አማራ፣ ጉራጌው ነጋዴ በዚያች ጣቢያ ተገናኙ። ባቡሩ ሲደክም የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ተተካ። ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚወርደው አስፋልት ሎጊያን አልፎ ሰመራ ይደርሳል። ሰመራ የአሳይታን ቦታ ተክታ የክልሉ ርእሰ ከተማ እንድትሆን በመንገዱ ዳር በሜዳ ላይ የተመሠረተች አዲስ ከተማ ናት፤ በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትባት ደግሞ ከየክልሉ ተማሪ ይጎርፍባት ጀመር።

በዚህ መንገድ ላይ የሚነገረው አማርኛ በአብዛኛው የሹፌርና የረዳት፣ የሻይ ቤትና የኬላ አማርኛ ነው። ፈጣን ነው፤ ትእዛዝ ይበዛበታል፤ ተረብ ቅመሙ ነው። አንድ የአፋር ልጅ አማርኛን መጀመሪያ የሚማረው ከዚህ ከሆነ፣ የሚማረው ስድቡን ከነዜማው ነው፤ ልኩን ግን ማንም አያስተምረውም። «ና ውሻ!» ብሎ ረዳቱን የሚጠራ ሹፌር የረዳቱ ወዳጅ መሆኑን፣ ያቺን ቃል ለሻይ ቤቷ ባለቤት መመለስ እንደማይቻል የሚነግረው የለም። በትምህርት ቤት በኩል የመጣው ደግሞ ሌላ ጉድለት አለበት። «አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ» የሚሉትን ተውላጠ ስሞች በሰንጠረዥ ተምሮ ይመጣል፤ ሰንጠረዡ ግን ስለ ክብር አንድም መስመር የለውም።

እዚህ ላይ የቋንቋዎቹን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። በአፋርኛ አንድን ሰው ፊት ለፊት ሲያናግሩ ወንድም ይሁን ሴት ተውላጠ ስሙ «አቱ» ነው፤ ግሡም በጾታ አይለይም። የጾታ ልዩነት በሦስተኛው መደብ አለ፤ በሁለተኛው የለም። በአማርኛ ግን አንድን ሰው «ና» ለማለት እንኳ አስቀድሞ ጾታውን፣ ዕድሜውን፣ ክብሩንና ከተናጋሪው ጋር ያለውን ቅርበት መወሰን ግድ ይላል። ውሳኔው ራሱ ስድብ ሊሆን ይችላል። አዋቂ ወንድን «አንቺ» ማለት ወንድነቱን መካድ ነው፤ ወንድ ልጅን በፍቅር «አንቺ» ማለት ደግሞ ማቆላመጥ ነው። ታላቅን «አንተ» ማለት ድፍረት ነው፤ እግዚአብሔርን ግን «አንተ» እንላለን። ይህን ሁሉ ልጅ በእናቱ ጭን ላይ ይለምደዋል፤ በሃያ ዓመቱ ለሚማረው ግን እሾህ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ከባህላዊው ሕግ ይመጣል። አፋሮች «መዳዓ» በሚሉት ባህላዊ ሕጋቸው ስድብም እንደ አካል ጉዳት ሁሉ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ካሣ የሚቆረጥበት ጥፋት ነው። ዋናው ነገር ካሣውን የሚከፍለውም የሚቀበለውም ሰውየው ብቻ አለመሆኑ ነው። ጎሣው ነው። የአንድ ሰው ምላስ የሁሉም ኪስ ነው፤ የአንድ ሰው ክብርም የሁሉም ነው። በወንጀል ሕጉ ግን ስድብ የሁለት ግለሰቦች ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 615 ስድብን የሚቀጣው ተሰዳቢው አቤት ሲል ነው፤ ቅጣቱም ከቀላሎቹ ወገን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 በብሔር፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት ላይ የሚነዛ ጥላቻን በወንጀልነት ይዟል፤ የሻይ ቤትን ጠብ ግን ለማየት አልተሰናዳም። በመካከል የሚቀር ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ ሜዳ ላይ አንዱ ወገን «አንድ ሰው አንድ ሰውን ሰደበ» ይላል፤ ሌላው «ጎሣችን ተሰደበ» ይላል፤ ሁለቱም እንደየሕጋቸው ልክ ናቸው።

በዚህ ላይ ዳጉ አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በሥርዓት ይለዋወጣሉ፤ የተሰማው ሳይጨመርና ሳይቀነስ መነገር አለበት፤ የሐሰት ወሬ ማቀበል ያስነቅፋል፣ ያስቀጣል። እንግዲህ ጠዋት በአዋሽ የተነገረ ስድብ በዳጉ ከሰው ሰው ሲሻገር ቃሉ ሳይለወጥ ሰመራ ሊደርስ ይችላል። የማይደርሰው የተናጋሪው ፈገግታ ነው። በአማርኛው ተረብ ውስጥ ቃሉን ስድብ እንዳይሆን የሚጠብቀው ፈገግታው ነበር።

አንድ ገጠመኝ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሰመራ በአንድ ግቢ በር ላይ ያየውን ያቀርባል። ዘበኛው ከወሎ የመጡ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አንድ የአፋር ወጣት ወደ ውስጥ ሲገባ ከረጢቱን እንዲፈትሹለት ሊጠራቸው ፈልጎ «ነይ፣ ነይ» አላቸው። በአፉ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ቀደም ብሎ ያነጋገራት የሻይ ሻጯ ቃል በምላሱ ላይ ቀርቶ ነው። ሽማግሌው ደማቸው ፈላ። «እኔን ነው ነይ የምትለኝ? አሳዳጊ የበደለው!» አሉት።

ሽማግሌው በራሳቸው ሚዛን ቀላሉን መርጠዋል። ውሻም ዘላንም አላሉትም። «አሳዳጊ የበደለው» በአማርኛ ከስድብ ይልቅ ወደ ተግሣጽ የሚያዘነብል ነው፤ ጥፋቱን ከልጁ ላይ አንሥቶ ባላስተማረው ላይ ይጥላል፤ እንዲያውም ልጁን ለማዳን የተባለ ይመስላል። ወጣቱ ግን ቃሉን ቆራርሶ ነው የሰማው። አሳዳጊው አባቱ ነው። በደለ ተባለ። «አባቴን የት አየኸው? ምን በደለ?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አየኸው» ማለቱ ደግሞ ለሽማግሌው ሁለተኛ ስድብ ሆነ። ሰው ተሰበሰበ፤ ስድቡም ሙሉ ሆነ።

ነገሩን ያበረዱት አማርኛን አጥርተው የሚናገሩ አንድ የአፋር አዛውንት ነበሩ። ለዘበኛው ያሉት ይህን ነው፦ ልጅን በእኛ አገር አባቱ ብቻ አያሳድገውም፤ እርስዎ ስንት ሰው እንደ ሰደቡ ያውቃሉ? ዘበኛውም «እኔ እኮ አልሰደብኩትም፣ መከርኩት እንጂ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ወጣቱም «እኔ ጠራኋቸው እንጂ ምን አልኳቸው» አለ። እሱም እውነቱን ነው። አዛውንቱ ለእያንዳንዳቸው የሌላውን ቃል እየተረጎሙ ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ። ትርጉም ከተባለ ያ ነበር ትርጉም፤ ቃላቱን ሁለቱም ያውቋቸው ነበርና የተተረጎመው ክብደታቸው ነው። በመጨረሻ ዘበኛው «ይቅር ለእግዜር» አሉ፤ ወጣቱም እጃቸውን ያዘ።

በማግሥቱ ያው ወጣት በበሩ ሲያልፍ «እንዴት አደሩ» ብሎ እጅ ነሣ። ዘበኛው ደስ አላቸው። ወጣቱ ግን አንተና አንቺን ከነጭራሹ የተዋቸው ይመስላል፤ ከበሩ አለፍ ብሎ የተቀመጠውን የአሥር ዓመት ሊስትሮም «እርስዎ፣ እባክዎ ጫማዬን ይጥረጉልኝ» አለው። ልጁ ብሩሹን እንደ ያዘ ቀና ብሎ አየው።

«ምነው ጋሼ» አለ ቅር ብሎት፣ «ምን አጠፋሁ?»